የዘንጎቹ መቀመጫ

የካቲት 3

ወሰንኩ። ዓሣው የሚራባበት ጊዜ አልፎ ሐይቁ ለአጥማጆች ሲከፈት ባሌን እወስደዋለሁ። ለልጄ በስልክ ነገርኳት። ለወንድሙ ነገርኩት። መጋረጃ ልታዝ ለመጣችው ሴትዮ እንኳን ነገርኳት። ለሁሉም ነገርኩ።

ወንድሙ የመጣው በምሳ ሰዓት ነው። እሱ ቤቴ መጥቶ ተቀምጦ አያውቅም። ቆሞ ነው የሚያወራው፤ ከተቀመጠ የተሸነፈ ይመስለዋል።

«እትዬ፣ ጋሼን እኔ ጋ ልውሰደው ስል ልነጥቅሽ አይደለም። አንቺ ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ነሽ። እሱ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውላል። እኔ ጋ ሰው አለ፣ ግቢ አለ።»

«የሱ መኪናስ?»

«ቆሞ ምን ይሠራል? ጎማው ይበሰብሳል እንጂ። ለሱው መመላለሻ ይሆናል፣ እኔ እነዳዋለሁ።»

ሊወስደው የመጋቢትን መጨረሻ ቆርጧል። ክፍሉን ቀለም አስቀብቷል አሉ። ሰውየውን ሳይጠይቅ ቀለም ያስቀባል!

«ሐይቁ ሲከፈት ይዤው እሄዳለሁ። ግድግዳ ላይ የሚያፈጥ ሰው መሆን አለመሆኑን ያኔ ታያለህ» አልኩት።

«የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹንስ የት ታደርጊያቸዋለሽ?»

አላሰብኩበትም ነበር። «መኪናው ጣሪያ ላይ» አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። እንግዲህ ጣሪያ ላይ ነው።

የካቲት 4

የሱ ዘንጎች አይፈቱም። የሱቅ ዘንግ ሦስት ቦታ ተነቅሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እሱ ግን ከወጥ ቀርከሃ ነው የሚሠራቸው፤ ቀጥ ያለውን መርጦ፣ እሳት አሳይቶ እያቃና፣ ዘይት እያጠጣ። «መገጣጠሚያ ያለው ዘንግ ይዋሻል» ይል ነበር። «ዓሣው ሲነካው ለእጅ አይናገርም።»

ያኔ ብዙ ይናገር ነበር።

አራት ናቸው። በጋቢናው በቀኝ በኩል ያለውን መቀመጫ መደገፊያ ያስተኛና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከፊት መስታወቱ ሥር እስከ ኋላ በር ያጋድማቸዋል። ስለዚህ ሌላ ሰው አይሳፈርም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እሱና ዘንጎቹ። ሠላሳ ዓመት። እኔ ሥራ አለኝ፣ ቅዳሜ ደግሞ ደንበኛ የሚበዛበት ቀን ነው። ሐይቁን አይቼው አላውቅም ማለት ሐሰት ነው፤ ከአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ።

አሁን በዚያ መቀመጫ ሰው ይቀመጥበታል። ዘንጎቹ ይውጡልኝ።

ወደ ጣሪያ ይውጡልኝ ማለቴ ነው።

የካቲት 6

በያጁ ጋ ሄድኩ። ከኛ በር ሁለት ቤት አልፎ ነው፤ ሰፈሩ «ብልጭታ» ይለዋል።

«ለመኪናው ጣሪያ ፖርቶመጋላ ነው የፈለጉት፣ እትዬ?»

«የዘንግ መጫኛ ነው።»

«የምን ዘንግ?»

«የዓሣ።»

«ዓሣው ጣሪያ ላይ ወጣ እንዴ?»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩለት፤ ካልሳቁለት ብረት አይቆርጥም። ተስማማን። በጣሪያው ላይ በአግድም የሚያርፉትን ሁለት ብረቶች እሱ ይበይዳል፣ ከጣሪያው ጠርዝ ጋር በቡሎን የሚታሰሩበትን መያዣም ያበጅላቸዋል። ለያንዳንዱ ዘንግ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ፤ ቱቦውን የምቆርጠውም የማስረውም እኔ ነኝ። ቱቦው ውስጥ ዘንጉ እንዳይፋጭ ከከፋይ ጨርቅ እጀታ እሰፋለታለሁ። ከቲያትር ቤቱ መጋረጃ የተረፈኝ ቀይ ከፋይ አለ።

«ዘንግ ከፋይ ለብሶ!» አለ ብልጭታ። «እኔ እንኳ በሠርጌ አልለበስኩም።»

የካቲት 11

ለካሁ። የኔ ሜትር የጨርቅ ስለሆነ ረጅሙን ዘንግ ለመለካት ሁለት ጊዜ ማዞር ነበረብኝ። ዘንጎቹን መሬት ላይ አጋደምኳቸው፣ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፣ እንደገና ለካሁ። ከዚያ በያንዳንዱ ጫፍ ስንዝር ጨመርኩ። ሙያ ያስተማሩኝ ሴትዮ «ትርፍ ይታጠፋል፣ ጎዶሎ አይቀጠልም» ይሉ ነበር። በዚህ ቃል ስንት ቤት አልብሻለሁ፤ አንድም መጋረጃ አጥሮብኝ አያውቅም።

እሱ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ከበሩ ያየኝ ነበር። ቱቦውን መቁረጥ ስጀምር «በቃ» አለ። ርዝመቱ በቃ፣ እዚህ ላይ ቁረጪ ማለቱ ነው። ቆረጥኩ።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ ሦስት ቃል ነው ያለው፦ እሺ፣ በቃ፣ ቆይ። ልጄ ግን በስልክ ያወራኛል ትላለች። «ሥራ እንዴት ነው አለኝ» ትላለች። እንጃ። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ትጠብቀዋለች፤ ሩብ ሰዓትም ቢሆን። እኔ ዝም ብዬ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም። አንድ ሰው ይህን ቤት ማንቀሳቀስ አለበት።

የካቲት 19

የአንድ ሆቴል መጋረጃ ደረሰብኝ። ሃያ ሁለት መስኮት። ጣቴን በመጋዝ ቆረጥኩ። ደም ነጩ ጨርቅ ላይ፣ በምራቅ አስለቀቅኩት። ከፋዩ አልቋል፣ አራተኛው ዘንግ ሰማያዊ ይለብሳል። ምሳውን አብልቼው ረሳሁት መሰለኝ፤ ሁለት ጊዜ አበላሁት። እሺ እያለ በላ።

የካቲት 23

ብረቱን ልወስድ ስሄድ ብልጭታ ከደንበኛ ጋር ያወራ ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

«ሰውየው እኮ አይንቀሳቀስም። ለማን ነው የምታሠራው?» አለ ደንበኛው።

«ለራሷ ነዋ።»

ለራሷ! ሌላውን ሁሉ እችላለሁ፤ እብድ ናት ይበሉ፣ መጋረጃ ሰፊ ብረት ምን አገባት ይበሉ። ለራሷ ግን አይሉኝም። በሕይወቴ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ትል መያዝ ያስጠላኛል። ለራሴ ብሠራ አልጋ አሠራ ነበር፤ የምተኛበት ጊዜ የሚጨመርበት አልጋ።

ብረቱን አንስቼ «ሂሳብህን ነገ» ብዬ ወጣሁ። ሁለቱም ደነገጡ። ይደንግጡ።

መጋቢት 2

ጣሪያው ላይ ወጣ! አራት ቱቦ፣ በሁለት ብረት፣ በስምንት ቡሎን። ራሴ አጠበቅኳቸው፤ ብልጭታ በመፍቻው ሊሞክር ቢል አንዱም አልነቃነቅ አለው። «ይህ እንግዲህ ከመኪናው ጋር ነው የሚቀበረው» አለ።

መኪናውን ዋናው መንገድ ላይ አወጣሁት፣ ብቻዬን፣ ያለ ዘንግ። ፍጥነት ስጨምር ቱቦዎቹ ነፋስ ገባባቸውና አራቱም በየድምፃቸው ማላዘን ጀመሩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። መብራት ላይ አጠገቤ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣

«እናት፣ መኪናሽ እኮ ያለቅሳል!»

«ያልቅስ፤ ይውጣለት» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ሙሉውን መንገድ አላዘንን። ቤት ስደርስ ለፊቱ በኩል ለያንዳንዱ ቱቦ በላስቲክ የሚጨበጥ ቆብ ሰፋሁለት።

ስገባ እሱ ግድግዳው ፊት ነበር። እኔ ነኝ እዚያ ያቆምኩት፤ ጠዋት ወለሉን ስጠርግ። ረሳሁት።

መጋቢት 5

ልጄ መጣች። ዊልቸሩን አዙራ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እጁን ይዛ እዚያው ቆየች። ከዚያ ወደ ማሽኔ መጣች።

«እማ፣ አባዬን ጠይቀሽዋል?»

«ምኑን?»

«ሐይቁን። መሄዱን።»

«ሠላሳ ዓመት የሄደበት ቦታ እኮ ነው! ሰው ቤቱ ግባ ይባላል?»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«ነገር አታብዢ። ያን ክር አቀብይኝ።»

አቀበለችኝ። እኔን ነው የምትመስለው፤ ከንፈሯን ስትነክስ ታስፈራለች።

መጋቢት 12

ልምምድ አደረግን። መጀመሪያ ዘንጎቹን አስገባን፤ ልክክ አሉ፤ አንዱም አይነቃነቅ፣ አይፋጭ። ልጄ «ቆንጆ ነው፣ እማ» አለች፣ ከልቧ። ወንድሙም መጥቶ ነበር። እጁን ኪሱ ከትቶ አጥሩ ጋ ቆሟል። እኔ ነኝ የጠራሁት። ያይ ብዬ።

ባሌን ደግፈን የፊት መቀመጫ ላይ አስቀመጥነው። ቀበቶ አሰርኩለት። ሸሚዙን ያለበስኩት ራሴ ነኝ፣ ሰማያዊውን። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እኔ መሪው ላይ፣ እሱ አጠገቤ፤ የመጀመሪያው ቀን።

ከዚያ ልጄ ዊልቸሩን አጥፋ ወደ ኋላ ወሰደችው።

የኋላ በሩ ወደ ላይ ነው የሚከፈተው። ስንዝር ያህል ተነሳና ቱቦዎቹን መታ። ደግማ ሞከረች። ጓ። ቱቦዎቹ ከጣሪያው አልፈው ከበሩ በላይ ተዘርግተዋል፤ በትክክል እኔ የጨመርኩትን ያህል።

ልጄ ዊልቸሩን ይዛ ቆማለች። በጎን በሩ ሞከርን፣ አይገባም። ወንድሙን «ሳቅ» ልለው ነበር። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። መጣና ቱቦውን ዳሰሰው፣ ወደ ውስጥ አይቶ ከፋዩን ነካው።

«ሥራሽ መቼም የሚገርም ነው፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «ለዘንጎቹ አልጋ አነጠፍሽላቸው።»

እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ባሌን መልሰን አወጣነው። «በቃ» አለ፣ ሁለት ጊዜ። ዛሬስ ምን ማለቱ እንደሆነ አልተረጎምኩም።

መጋቢት 13

ቆረጥኩት። ከኋላ በኩል ስንዝሩን፣ አራቱንም። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በሩ አሁን ይከፈታል። ዊልቸሩም ይገባል። ተስተካክሏል፤ እና ምን ይሁን?

ዘንጎቹን ለካሁ። ጣሪያውን ለካሁ። የብረቱን ውፍረት በጣቴ ለካሁ። ዊልቸሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እግሬን የሚመታኝ ዕቃ ነው፤ ረሳሁት። ዊልቸሩን ብቻ?

ለወንድሙ ግን አልሰጠውም። አንድ ስንዝር ብሳሳት ሰው አልሰጥም።

መጋቢት 15

ጠየቅኩት።

ማሽኑን አጠፋሁ። ወንበር ወስጄ ፊቱ ተቀመጥኩ። አጀማመሩ ጠፋኝ፤ የማላውቀው ሰው ፊት ሥራ ልጠይቅ የሄድኩ መሰለኝ።

«ሐይቁ ሊከፈት ነው። መሄድ ትፈልጋለህ?»

አየኝ። «እሺ ነው?» ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ልጄ እንደምታደርገው ዝም አልኩ። ዝም ማለት ይህን ያህል ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። እጄ ክር ይፈልጋል፣ መርፌ ይፈልጋል። ከመንገዱ የብልጭታ ብየዳ ይጮሃል፣ ይቆማል፣ ይጮሃል። ከንፈሩ ወደ ጤነኛው ጎን ሄደ። ቆየ።

«አይ» አለ።

አራተኛ ቃል። ጥርት ያለ።

«ለምን?» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እንደገና መጠበቅ። እጁን፣ የሚንቀሳቀሰውን፣ ወደ ራሱ አመለከተ፤ ወደ እግሩ፣ ወደ ዊልቸሩ።

«ሰዎቹ» አለ።

ሰዎቹ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳር ላይ አብረውት የሚቆሙት። በዚህ ሁኔታ እንዲያዩት አይፈልግም።

ተነስቼ ወደ ማሽኔ ሄድኩ። አላስነሳሁትም።

መጋቢት 16

ተናድጃለሁ። ጣቴ ተቆርጦ፣ ሰው ተሳልቆብኝ፣ «አይ»። አንድ ወር ሙሉ «እሺ፣ እሺ» እያለ የበላ አፍ!

መጋቢት 18

ዛሬም ጠየቅኩት። ሌላ ነገር፤ ሰማያዊ ሸሚዝ ወይስ ግራጫ? ጠበቅኩ። «ግራጫ» አለ። ሰማያዊውን ይጠላዋል ማለት ነው። አንድ ወር ሙሉ አልብሼዋለሁ።

መስኮቱ ጋ ልውሰድህ ወይስ በሩ ጋ? «ማሽኑ» አለ። ማሽኑ አጠገብ አቆምኩት። ስሰፋ እጄን ያያል። ይኸው ግድግዳ ላይ ማፍጠጥ ቀረ።

መጋቢት 24

ወንድሙ የመጣው በሌላ ሰው ፒክአፕ ነው፣ ከሁለት ጎረምሶች ጋር፣ ለአልጋው። ሐይቁ ሊከፈት ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ባሌ ወደ ሐይቁ እንደማይሄድ ልጄ ነግራዋለች፤ እኔ አላልኩትም።

«ካልሄደ እንግዲህ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ለጋሼው አዲስ ብርድ ልብስ ገዝቶ ይዞ ነው የመጣው፤ ላስቲኩ እንኳ አልተከፈተም።

ጎረምሶቹ በሩ ላይ ናቸው። ልጮህ እችል ነበር። በሩን ልዘጋ እችል ነበር። ሁለቱንም አስቤባቸዋለሁ።

«ጠይቀው» አልኩት።

«ምኑን?»

«አንተ ጋ መምጣት ይፈልግ እንደሆነ።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ አሁን—»

«ጠይቀውና ዝም በል። ከባዱ ዝም ማለቱ ነው። እኔም አንድ ወር ፈጅቶብኛል።»

ወንበር ሳብኩለት። ተቀመጠ። ቤቴ ውስጥ ተቀመጠ! ጉልበቱ የወንድሙን ጉልበት ነካ።

«ጋሼ፣ እኔ ጋ ትሄዳለህ? ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ።»

መቀሱን ጨብጬ ነበር። እሺ ቢልስ? እሺ ማለት ለሱ ቀላል ነው፤ አፉ ለምዶታል። ሁለት ጊዜ ምሳ ሲቀርብለትም እሺ ነው ያለው። እሺ ካለ ደግሞ ቃሌ ነው፣ አልጋውን ራሴ አነሳላቸዋለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴ ብቻ ማልኩ።

«ቆይ» አለ።

ቆየን። አንዱ ጎረምሳ ሊያስል ሲል አፈጠጥኩበት፤ ዋጠው።

«አይ» አለ ባሌ። ከዚያ እንደገና ከንፈሩን ሰብስቦ፣ «ቤቴ»።

ወንድሙ አንገቱን ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መሰለኝ፤ ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነው፣ ዓይኑ እርጥብ ሆኖ።

«ቀለም አስቀብቼ!» አለ። «ጋሼ፣ ቀለም እኮ አስቀብቻለሁ!»

ባሌ ሳቀ። ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚስቀው፤ ይበቃል።

ጎረምሶቹን አሰናበተ። ሲወጣ መኪናው አጠገብ ቆም ብሎ፣ «ይሄስ?» አለኝ።

«ሥራ አለው» አልኩት።

«የምን ሥራ?»

«ዓሣ አጠምዳለሁ።»

አየኝ። ብርድ ልብሱን ግን ትቶ ነው የሄደው።

መጋቢት 27

ሐይቁ ተከፈተ። ልጄ አባቷ ጋ ልትውል መጣች። ዘንጎቹን ወደ ቱቦው ሳስገባ ባሌ ከበሩ ላይ «ቆይ፣ ቆይ!» እያለ እጁን አወናጨፈ። ምን አጠፋሁ? ጠበቅኩ። «ገልብጪ» አለ። ቀጭኑን ጫፍ ወደ ነፋሱ አድርጌው ነበር። ገለበጥኳቸው። አዲስ ቃል፣ ለቁጣ የተጠራ።

አራቱንም ይዤ ሄድኩ። አንዱ በበቃኝ ነበር፤ ነገር ግን አራት ቱቦ ሠርቻለሁ።

ሰዎቹ ነበሩ። አንዱ፣ ሽበታም፣ ዘንጎቹን ሲያይ ወደኔ መጣ። የማን እንደሆኑ ቀርከሃው ነገረው።

«እሱስ? አልቻለም?»

«አልፈልግም አለ» አልኩ። እንደ ኩራት ነው የወጣኝ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና «እሱ ድሮም እንቢ ካለ አለ ነው» አለ።

ትሉን ራሴ ሰካሁት። ዓይኔን ጨፍኜ። መንጠቆው የመጀመሪያውን ጊዜ የሹራቤን እጅጌ ያዘ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ቄጤማ። ሽበታሙ ሊረዳኝ ተነሳ፤ «ተው» አልኩት። ምንም አልያዝኩም። አንዴ ብቻ ዘንጉ መዳፌ ውስጥ ነካ አደረገኝ፣ በቀስታ፣ በር እንደሚያንኳኳ አፋር ሰው፤ ሄደ። ባሌ ለእጅ ይናገራል ሲል የነበረው ይህንን ነው። ሠላሳ ዓመት ለብቻው!

ውሃው ከአውቶቡስ መስኮት እንደሚታየው አይደለም።

ብልጭታና ደንበኛው ያሉትን አስታወስኩ። እንግዲህ ለራሷ ቢሉም ይበሉ።

ሚያዝያ 4

ዛሬ ጠዋት እንደገና ጠየቅኩት።

«ትሄዳለህ?»

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ጠበቅኩ። የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ አየ፣ ፊቴን አየ፣ ጊዜውን ወሰደ፤ የሚያጣጥመው ነገር አፉ ውስጥ ያለ ይመስል።

«አይ» አለ።

«እኔ እሄዳለሁ።»

«እሺ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜም እጠይቀዋለሁ፣ በሚቀጥለውም። ይሄድልኛል ብዬ አይደለም። እንቢ ሲል ድምፁ የድሮው ነው።